ጆርጅ ኪት፤ የጎታሚ ቪሃራ ሠዓሊ

አንድ ወጣት ሠዓሊ ሥራውን ሲጀምር ከሁለት ወገን ይጠራል። በአንድ በኩል የአገሩ የጥንት ሥዕል፣ በሌላው በኩል ከኤውሮጳ የሚመጣው አዲስ ጥበብ ይስቡታል። አንዱን ቢይዝ ሌላውን የካደ ይመስለዋል። ጆርጅ ኪት ግን ሁለቱን በአንድ ግድግዳ ላይ አስታርቆ ያሳየ ሰው ስለ ሆነ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅመናል። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ኪት በኤፕሪል 17 ቀን 1901 ዓ.ም. በሲሎን ደሴት፣ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው አገር፣ ካንዲ በተባለች ተራራማ ከተማ ተወለደ። ካንዲ የቀድሞ ነገሥታት መናገሻ ስትሆን በ1815 ዓ.ም. በእንግሊዞች እጅ ወድቃ ነበር። ወላጆቹ በርገር ከሚባሉት፣ ማለት ከሆላንዶችና ከሌሎች ኤውሮጳውያን ከሚወለዱት የደሴቲቱ ሰዎች ወገን ነበሩ። ቋንቋቸው እንግሊዝኛ፣ ሃይማኖታቸው ክርስትና ነበር። ልጁም በእንግሊዝ ሚስዮናውያን በተቋቋመው በትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ።

በትምህርት ቤቱ ስመ ጥር ተማሪ አልነበረም፤ የሥዕልንም ትምህርት ከአስተማሪ አልተቀበለም። መጻሕፍትን ግን አብዝቶ ያነብ ነበር። በካንዲ ማልዋታ የሚባል ታላቅ የቡድሃ መነኮሳት ገዳም አለ። ኪት ወደዚያ እየተመላለሰ ከመነኮሳቱ ሃይማኖቱንና የአገሩን ሥነ ጽሑፍ ተማረ፤ የወላጆቹንም እምነት ተወ። ሥዕል መሥራት የጀመረው ወደ 26 ዓመት ሲሆነው ነው። እንግዲህ ብሩሽ ከመያዙ በፊት ብዙ ዘመን በመስማትና በማንበብ አሳልፏል ማለት ነው።

በ1939 ዓ.ም. ወዳጁና የእኅቱ ባል የነበረው ሃሮልድ ፒሪስ በኮሎምቦ ከተማ፣ በቦሬላ ሰፈር የሚገኘውን ጎታሚ ቪሃራ የተባለውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ በሥዕል እንዲያስጌጥ አደራ ሰጠው። ኪትም በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ፈጸመ። በግድግዳዎቹ ላይ የሣለው የቡድሃን ሕይወት ነው፤ ልደቱን፣ ከቤተ መንግሥት መውጣቱን፣ ከዛፍ ሥር ሆኖ እውነትን ማግኘቱን፣ በመጨረሻም ዕረፍቱን።

በዚያን ዘመን ሕዝቡ የለመደው የሃይማኖት ሥዕል ሳርሊስ የተባለው ሠዓሊ ያስፋፋው ነበር። ይህም ሥዕል በማተሚያ እየተባዛ በየቤቱ ይሰቀል ነበር። ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ቢይዘውም ጥላና ብርሃኑ፣ ዓምዱና መጋረጃው ከኤውሮጳ የተቀዳ ነበር። ኪት ደግሞ የእነ ፒካሶን ኩቢዝም ያጠና ሰው ነው። ነገር ግን ከዚያ ጥበብ የወሰደው የመስመርን ነጻነትና ብርታት ስለ ነበር፣ ሥራው በ5ኛው መቶ ዓመት ወደ ተሣሉት የሲጊሪያ ሥዕሎችና በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ተሣለው የደጋልዶሩዋ ቤተ መቅደስ ይበልጥ ቀረበ። የአገር ልማድ የተባለው ከውጭ የመጣ፣ እንግዳ የተባለውም ለአገሩ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ኑሮው ነቀፋ የሌለበት አልነበረም። በእነዚያው ዓመታት ገደማ ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ትቶ ከአንዲት የገጠር ሴት ጋር መኖር ጀመረ። ለጥበብ ሲባል የተከፈለውን ዋጋ ሁሉ የከፈለው ሠዓሊው ብቻ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም።

በ1943 ዓ.ም. ፎቶግራፍ አንሺው ላዮኔል ዌንት የሠዓልያን ማኅበር ሲያቋቁም ኪት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ማኅበሩም በዘመኑ ስም የ43 ቡድን ተባለ። ከአባሎቹ መካከል የጥንት የቤተ መቅደስ ሥዕሎችን በትጋት ይገለብጥ የነበረ ማንጁስሪ የተባለ መነኩሴም ነበር። ኪት ከዚያ በኋላ በህንድ አገር ብዙ ጊዜ ኖረ። ልቡም ወደ ሂንዱዎች አፈ ታሪክ ስላዘነበለ የጃያዴቫን ጊታ ጎቪንዳ ከሳንስክሪት ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመ። በ1954 ዓ.ም. ሥዕሎቹ በለንደን ለሕዝብ ታዩ። በጁላይ 1993 ዓ.ም. በ92 ዓመቱ ሞተ።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ምንድር ነው? አዲስ ነገር ሁሉ ባዕድ አይደለም፤ የለመድነውም ሁሉ የአባቶቻችን አይደለም። የትኛው የማን እንደ ሆነ ለመለየት ግን ግምት አይበቃም፤ መማር ያስፈልጋል። ኪት ይህን የተማረው የአገሩ መነኮሳት ዘንድ ዝቅ ብሎ በመቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ከፓሪስ የመጣውን ጥበብ ያለ ፍርሃት ወደ ቤተ መቅደሱ ይዞ ለመግባት ቻለ። እኛም ስለ ዘመናዊነት ከመከራከራችን አስቀድሞ የራሳችንን ግድግዳ ሄደን እንመልከት።