የሪዋቀል ጀበርቱ ሸይኽ፦ ሐሰን አል-ጀበርቲ



ግቢ በገባንበት የመጀመሪያ ሳምንት አብዛኞቻችን የፈለግነው አንድ ነገር ነበር፤ አገራችንን የሚያውቅ ሰው። ሻንጣ ተሸክመን ብሎካችንን ስናፈላልግ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ ስንቆም፣ ሱብሒ የት እንደሚሰገድ ስንጠይቅ፣ የሰፈራችንን አነጋገር የሰማንበትን ሰው አንለቀውም ነበር። ከዚያ ካልኩለሱና ድሮዊንጉ መጣ። ከመድረሳ ለመጣነው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ተጨመረ፤ ኪታቡን ዘግተን ቀመር ይዘን ስናመሽ ከዒልም የራቅን መሰለን። ዘንድሮ ለገቡት ፍሬሽ ወንድሞችና እህቶች የሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲን (ረሒመሁላህ) ሕይወት የመረጥንላቸው ለዚህ ነው።

ታሪኩ ከዶርም ይጀምራል። በካይሮው አል-አዝሀር ከሩቅ የሚመጡ ደረሶች እንደየአገራቸው ሪዋቅ ነበራቸው፤ የመግሪቦች፣ የሻሞች፣ የቱርኮች እየተባለ። ደረሳው እዚያ ያድራል፣ ከወቅፍ ዳቦ ይሰፈርለታል፣ ማታ ከአገሩ ልጆች ጋር ደርሱን ይከልሳል። ከእኛ አካባቢ፣ ከዘይላዕና ከሐበሻ ሙስሊሞች ምድር የሚሄዱትም የራሳቸው ነበራቸው፤ ሪዋቀል ጀበርት። ከሸይኽ ሐሰን ቅድመ አያቶች አንዱ ከዚህ ተነስተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ካይሮ ደርሰው የዚህ ሪዋቅ ሸይኽ ሆኑ። ኃላፊነቱም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖረ። ፕሮክተር እንዳንላቸው ያንስባቸዋል፤ ግን በባዕድ ከተማ ለገባ የጀበርት ልጅ በመጀመሪያ ሌሊቱ የሚጠይቀው ሰው ነበረው ማለት ነው።

ሸይኽ ሐሰን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1698 ካይሮ ውስጥ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ገና የወር ሕፃን ነበሩና ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። በልጅነታቸው ቁርኣንን ሐፈዙ፣ ከዚያ በሐነፊ መዝሀብ ፊቅህ ገፉ። ቱርክኛና ፋርስኛም ያውቁ ነበር። እዚህ ላይ ቢቆሙ ኖሮ ከአዝሀር ብዙ ዓሊሞች አንዱ ነበሩ። እርሳቸው ግን ከህንድ የመጡ ሑሳሙዲን የተባሉ ዓሊም ዘንድ ሒሳብና የከዋክብት ትምህርት ቀሩ። ሀንደሳውንም ያዙት። (በዚያ ዘመን ሀንደሳ የሚባለው ጂኦሜትሪ ነበር፤ ዛሬ በዐረብኛ የእኛ የኢንጂነሪንግ ስም ነው።)

በ1740ዎቹ ማብቂያ ላይ አሕመድ ፓሻ የሚባል ሒሳብ ወዳድ የኦቶማን ገዥ ወደ ግብፅ መጣ። የአዝሀር ታላላቅ ሸይኾች ሊዘይሩት ሲገቡ ስለ ሒሳብና ስለ ፈለክ ጠየቃቸው። መልስ አልነበራቸውም። ፓሻው አዘነ፤ በአገሩ ሳለ የሰማው አል-አዝሀር ሌላ ነበር። የጊዜው የአዝሀር ሸይኽ ዐብዱላህ አሽ-ሸብራዊ ይህ ዕውቀት ፈርድ ኪፋያ እንደሆነ፣ ከፊሎቹ ከያዙት ከሌሎቹ እንደሚወርድ አስረዱትና ወደ ሸይኽ ሐሰን ቤት አመለከቱት። ገዥው ደረሳ ሆኖ ተማረ። በእብነ በረድ ላይ የተቀረጹ የጥላ ሰዓቶችንም ሠራ፤ አንዱ በአዝሀር ግቢ፣ አንዱ በኢማም ሻፊዒይ መስጂድ ጣሪያ ላይ ተቀመጠ። ሸብራዊም ሸይኽ ሐሰንን ባገኙ ቁጥር ያን ቀን ከሐፍረት ስላዳኗቸው ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር ይባላል። እኛን የገረመን ፈርድ ኪፋያ የሚለው ቃል ነው። በመድረሳ ስንማረው ምሳሌው ሁልጊዜ የጀናዛ ሶላት ነበር።

በ1172 ሒጅሪያ ደግሞ የካይሮ ሚዛኖች ተዛቡ። አሠራሩን በትክክል የሚያውቅ ባለሙያ ጠፍቶ ነበር። ሸይኽ ሐሰን ባለእጆችን ሰብስበው ሚዛኖቹን በሀንደሳ ሕግ አስተካከሉ፣ ስለ ሚዛን አሠራርም ኪታብ ጻፉ። የአንዱ ክንድ መርዘም የሌላውን ክብደት እንዴት እንደሚያካክስ በስታቲክስ ክፍል ስንማር ለፈተና ብቻ ነበር የያዝነው፤ ሱረቱል ሙጠፊፊንን በቃላችን እያወቅን ሁለቱን አገናኝተን አናውቅም ነበር።

ቤታቸው ለሁሉም ክፍት ነበር። በ1746 ከፈረንጅ አገር የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ እርሳቸው ዘንድ ሀንደሳ ቀርተዋል። እነዚያ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕውቀቱን ከወረቀት አውጥተው በነፋስ ወፍጮ፣ ከባድ ዕቃ በመጎተት፣ ውኃን ወደ ላይ በማውጣት ሥራ ላይ እንዳዋሉት ልጃቸው ዐብዱረሕማን ጽፏል።

ይህ ልጅ በ1753 የተወለደው ታዋቂው የታሪክ ጸሐፊ ነው። ሸይኽ ሐሰን ልጆች እየወለዱ ቀብረዋል፤ አባቱን የተካው እርሱ ነው። በ1774 ሲያርፉ የሪዋቀል ጀበርት ኃላፊነት ወደ እርሱ ዞረ። ስለ አባቱ የምናውቀውም አብዛኛው በእርሱ ብዕር የተረፈ ነው።

በ1798 የፈረንሳይ ጦር ግብፅን ያዘ። ዐብዱረሕማን ፈረንሳዮቹ ዓሊሞች መጻሕፍትና መሣሪያ የሰበሰቡበትን ቤት ገብቶ አየ። ፈሳሽ ከፈሳሽ ሲቀላቀል መልኩን ሲቀይር፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የነካውን ሰው ሲያንዘረዝር ተመለከተና በመደነቅ ጻፈው። ፈረንጆቹ ከአባቱ ቤት ሀንደሳ ቀርተው ከሄዱ 52 ዓመት ሆኗቸው ነበር።