የውሃ መፍያና የተራራ ከፍታ፦ አንቷን ዳባዲ በስሜን መንገድ

አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ተወልዶ በፈረንሳይ አደገ። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ጎንደር ገባ። ነገር ግን የያዛቸው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ እንደማይበቁ ስለ ተረዳ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ ሌሎች ይዞ መጣ። እስከ 1848 ድረስም ኢትዮጵያን ሲለካ ቆየ።

የምጽዋና የጎንደር የነጋዴ መንገድ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት ያልፋል። በዚያ ገደል የሜርኩሪ ባሮሜትር በበቅሎ ማጓጓዝ አስጊ ነበር፤ ረጅሙ የብርጭቆ ቱቦ ከተሰበረ ምትክ አይገኝም። ዳባዲ ለከፍታ የተመረኮዘው በቀላሉ መሣሪያ፣ ውሃ ማፍያና ጥሩ ቴርሞሜትር ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በየ300 ሜትሩ በግምት 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ በ85 አካባቢ ይፈላል። ዕቃው ርካሽ ቢሆንም ንባቡ ይቅርታ አያውቅም፤ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ስሕተት 30 ሜትር ያህል ያፋልሳል።

አግድም ልኬቱም እንዲሁ የተቆጠበ ነበር። ምድሩን በሰንሰለት ከመለካት ይልቅ ከኮረብታ ኮረብታ እየወጣ ወደሚታዩት ጫፎች ሁሉ ማዕዘን ይወስዳል፤ ውጤቱንም ከፀሐይና ከከዋክብት ካገኘው ኬክሮስ ጋር ያዛምዳል። የስሜን ጫፎች ከሩቅ ስለሚታዩ ለዚህ ዘዴ የተፈጠሩ ይመስላሉ።

ታማኝነቱ ግን ተፈትኗል። የነጭ ዓባይን ምንጭ በጊቤ አገር አገኘሁ ማለቱ ስሕተት ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ደግሞ ከፋ መድረሱን ጭምር ክዶ፣ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሸለመውን ሜዳሊያ በተቃውሞ መለሰ። የዳባዲ ጠንካራው መልስ፣ በእኔ ግምት፣ ከ1860 እስከ 1873 በሮዶልፍ ራዶ አሰናጅነት የታተመው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ ነው። መጽሐፉ የመጨረሻውን ካርታ ብቻ ሳይሆን የመስክ ንባቦቹንም ስለያዘ፣ ተቃዋሚም ቢሆን ስሌቱን እንደገና መሥራት ይችላል።

ከጉዞው በኋላ «አባ» የተባለ ትንሽ ቴዎዶላይት ነደፈ። ቴሌስኮፑ አግድም እንደ ተኛ ይቀራል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያየው ከፊቱ በተገጠመ ፕሪዝም ነው። ዳባዲ በ1897 በፓሪስ ሞተ።