ለራሱም ለሰውም ያልራራው ኤዲ ሾር

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ የአይስ ሆኪ ሰው ታሪክ ነው። በረዶ ሲባል በክረምት ቆርቆሯችንን የሚደበድበው ጠጠር ትዝ ለሚለን ለእኛ አይስ ሆኪ ምናችን ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔም ጨዋታውን ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የኤዲ ሾር ታሪክ የስፖርት ታሪክ ብቻ አይደለም። የአሠሪና የሠራተኛ ታሪክም ነው። እንደኔ እንደኔ ደግሞ የዝነኛ ሰው ሕይወት መጻፍ ለምንማር ተማሪዎች ጥሩ ፈተና ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ጨዋታውና ከተማው

አይስ ሆኪን ለማያውቅ ሰው የእኛን የገና ጨዋታ በበረዶ ላይ አስበው ብለው ይቀላል። ከእያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሰው ይሰለፋል። ተጫዋቾቹ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ፣ ከጠንካራ ጎማ የተሠራችውን ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ ነገር በዱላ እየመቱ ግብ ለማስቆጠር ይታገላሉ። ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ነው። መጋፋትና መጋጨት ደግሞ የጨዋታው አካል ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በአብዛኛው ስፕሪንግፊልድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ስትሆን፣ ቅርጫት ኳስ በ1891 የተፈጠረው እዚያ ነው። በ1926 ስፕሪንግፊልድ ኢንዲያንስ የተባለ የሆኪ ቡድን ተቋቋመ። ስሙን ያገኘው በከተማዋ ከነበረው ኢንዲያን ከተባለው የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ነው። ቡድኑ የካናዳና የአሜሪካ ሊግ የሚባለውን ውድድር ከመሠረቱት አምስት ክለቦች አንዱ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሻምፒዮናም ወሰደ። ታዲያ ይህ ዋናው ሊግ እንዳይመስላችሁ። ከትልቁ ሊግ፣ ማለትም ከኤንኤችኤል በታች ያለ ሊግ ነው። እንደኛ አገር እግር ኳስ አሸንፎ ወደ ላይ ማደግ የሚባል ነገር የለም። ክለቡ ባለበት ይቀራል፣ የሚያድገው ተጫዋቹ ብቻ ነው። ለዚህም ባለቤቱ መፍቀድ አለበት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኢኮኖሚ ቀውሱ ቡድኑን አፈረሰው። በ1935 ከኩቤክ የመጣ ክለብ ወደ ስፕሪንግፊልድ ሲዛወር ስሙ እንደገና ተነሳ። ክለቡ ግን ደካማ ነበር። እንግዲህ ሾር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ከእርሻ ወደ በረዶ

ኤዲ ሾር የተወለደው በህዳር 1902 በካናዳ፣ ሳስካቼዋን ግዛት፣ ፎርት ካፔል በምትባል ቦታ ነው። ያደገው በእርሻ ላይ፣ ከፈረስና ከከብት ጋር ነው። ሆኪን ዘግይቶ ነው የጀመረው። የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ወንድሙ አንተ ተጫዋች አትሆንም እያለ ስላናደደው እልህ ውስጥ ገብቶ እንደጀመረ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ብርድ ሳይል ብቻውን እየተለማመደ በ1924 ወደ ሬጃይና፣ ቀጥሎ ወደ ኤድመንተን ሄደ። ፍጥነቱን ያዩ ሰዎች የኤድመንተን ፈጣን ባቡር የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

በ1926 የምዕራብ ካናዳው ሊግ ሲፈርስ ቦስተን ብሩይንስ የተባለው የኤንኤችኤል ክለብ ገዛው። እዚያ እንደገባ ብዙም ሳይቆይ በልምምድ ላይ ከቡድን ጓደኛው ጋር ተጋጭቶ ጆሮው ሊቆረጥ ትንሽ ቀረው። ሐኪሞች ቆርጦ ከማውጣት ሌላ መላ የለም ቢሉትም፣ እሱ የሚሰፋለት ሐኪም እስኪያገኝ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ሲሰፋለትም ማደንዘዣ አልፈልግም ብሎ፣ መስታወት ይዞ የሐኪሙን እጅ ይከታተል ነበር ይባላል።

ሌላም ጉድ አለ። በጥር 1929 ቡድኑ ወደ ሞንትሪያል ሲሄድ ሾር ባቡሩ አመለጠው። መኪና ከነሹፌሩ ተዋሰ። ሹፌሩ በበረዶ ማዕበሉ አልችልም ሲል መሪውን ራሱ ጨብጦ ሌሊቱን ሙሉ ነዳ። እጁ በብርድ ደርቆ፣ እንቅልፍ አጥቶ ደረሰና በዚያው ምሽት ተጫወተ። ቦስተን 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ግቧን ያስቆጠረው ሾር ነው። አሠልጣኙ ግን ባቡር በማርፈዱ ቀጣው። በዚያው ዓመት ቦስተን የመጀመሪያውን የስታንሊ ዋንጫ አነሳ። ሾር በ1933፣ በ1935፣ በ1936 እና በ1938 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የሃርት ሽልማትን ወሰደ። ይህን ሽልማት አራት ጊዜ ያገኘ ሌላ ተከላካይ እስካሁን የለም።

የቤይሊ ጉዳት

ታህሳስ 12 ቀን 1933 ቦስተን ከቶሮንቶ ጋር ሲጫወት ሾር ኤስ ቤይሊ የተባለውን የቶሮንቶ ተጫዋች ከኋላው ገጨው። ቤይሊ በጭንቅላቱ በረዶው ላይ ወደቀ። የቶሮንቶው ሬድ ሆርነር በንዴት ሾርን በቡጢ ጣለው። ቤይሊ የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ፣ በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ነፍሱ ተረፈች፤ ሆኪ ግን በዚያው አበቃ። ሾር ለ16 ጨዋታዎች ታገደ።

የካቲት 14 ቀን 1934 ለቤይሊ መርጃ በቶሮንቶ ልዩ ጨዋታ ተዘጋጀ። ሾርም ከሌሎች ክለቦች ከተመረጡት ኮከቦች ጋር መጣ። ከጨዋታው በፊት ቤይሊና ሾር በሕዝብ ፊት ተጨባበጡ፤ ስታዲየሙም በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ይህን ትዕይንት ብዙ አሰብኩበት። ቤይሊ ይቅር ብሎታል፣ እንጀራው ግን አልተመለሰለትም። አንድ ተጫዋች ከተጎዳ በኋላ ሕይወቱ በሕዝብ መዋጮና በሰዎች መልካም ፈቃድ ላይ ይወድቅ እንደነበር ያኔ ሁሉም አይቷል። የተጫዋቾቹን መብት የሚያስጠብቅ ማኅበር አልነበረም።

ቡድን የገዛው ተጫዋች

በ1939 ሾር ሁለተኛውን የስታንሊ ዋንጫ ካነሳ በኋላ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ የስፕሪንግፊልድን ቡድን ገዛ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ተጫዋች ይገዛል እንጂ አይገዛም ነበር፤ አንዱን ጠበቅ፣ አንዱን ላላ አድርጋችሁ አንብቡልኝ። ለተወሰነ ጊዜ ለቦስተንም ለራሱ ቡድንም ይጫወት ነበር። በጥር 1940 ቦስተን ወደ ኒውዮርክ አሜሪካንስ አዛወረው፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ጊዜውን ለስፕሪንግፊልድ ሰጠ።

ቡድኑ የሚጫወተው በዌስት ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው ኮሊሲየም ነበር። ሾር እዚያ ባለቤትም፣ አሠልጣኝም፣ ተጫዋችም፣ አምፖል ቀያሪም ነበር። ለማንም ሳይሰጥ ሁሉን በራሱ እጅ ይሠራል። በ1942 የአሜሪካ ጦር አዳራሹን ለጦርነቱ ሲወስደው ተጫዋቾቹን ይዞ ቡፋሎ ወደተባለችው ከተማ ሄደ፤ የቡፋሎ ቡድንም በ1943 እና በ1944 የሊጉን የካልደር ዋንጫ አነሳ። በ1946 ወደ ስፕሪንግፊልድ ተመለሰ። ከ1951 እስከ 1954 ደግሞ ክለቡን ሲራኪውስ ወስዶ መለሰው። ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦ ይገላገል ነበር። በዚህ በኩል ካየነው፣ ስፕሪንግፊልድ ላይ ሆኪ በሕይወት የቆየው በዚህ ሰው እልህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሦስት ዋንጫና ቀለም ቅቡ

በ1960፣ በ1961 እና በ1962 ስፕሪንግፊልድ የካልደርን ዋንጫ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወሰደ። በዚያ ሊግ ይህን ያደረገ ሌላ ክለብ የለም። አሠልጣኙ ፓት ኢገን ቢባልም የሁሉም ነገር አዛዥ ሾር ነበር።

ከዋንጫዎቹ ጀርባ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ሾር ሚዛን ያስተምራል ብሎ ተጫዋቾቹን ዳንስ ያስረግጣቸው ነበር። በረዶ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅን ግብ ጠባቂ አንገቱን በገመድ ከግቡ አግዳሚ ጋር አስሮ እንዳለማመደ በሥሩ የነበሩ ሰዎች በኋላ ተርከዋል። ተሰላፊ ያልሆኑትንና የተቀጡትን ደግሞ ወንበር ቀለም ያስቀባቸዋል፣ ፈንዲሻ ያሸጣቸዋል፣ ለበረዶ ትርኢት ፊኛ ያስነፋቸዋል። ያለ ደመወዝ ማገድም የተለመደ ነበር።

በገና ጨዋታ ጌታ ሎሌው ቢመታው እንኳ እንደማይቆጣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ነው ያደግነው። ስፕሪንግፊልድ ላይ ግን ጌታው ይቆጣ ነበር።

ታዲያ ለምን ጥለውት አይሄዱም ትሉኝ ይሆናል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከ1942 እስከ 1967 ኤንኤችኤል ስድስት ክለቦች ብቻ ነበሩት። በመላው ዓለም ላይ ያለው የላይኛው የሆኪ እንጀራ በስድስት ክለብ የተወሰነ ነበር ማለት ነው። ተጫዋቹ ውል የፈረመው ለክለቡ ነው፤ ሾር ካልሸጠው ወይም ካልለቀቀው የትም አይደርስም። አልጫወትም ካለ ደግሞ ወደ እርሻው ወይም ወደ ማዕድን ቁፋሮው መመለስ ነው። ለዚህ ነው ጎልማሳ ሰዎች ብሩሽ ይዘው ወንበር ሲቀቡ ዝም ያሉት።

አድማው

በታህሳስ 1966 ሾር ሦስት ተከላካዮቹን፣ ቢል ዋይትን፣ ዴል ሮልፍንና ዴቭ አማዲዮን፣ በግዴለሽነት ተጫውታችኋል ብሎ ያለ ደመወዝ አገዳቸው። የተጫዋቾቹ ተወካይ ብራያን ኪልሬይ ምክንያቱን ቢጠይቅ እሱም ታገደ። በዚህ ጊዜ የቀሩት ተጫዋቾች አንጫወትም አሉ። አንድ ሁለቱን ማገድ ይቻላል፣ ቡድኑን በሙሉ ማገድ ግን አይቻልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው።

ተጫዋቾቹ አላን ኢግልሰን የተባለ የቶሮንቶ ጠበቃ ጠሩ። ጠበቃው በዚያው ዓመት ለወጣቱ ቦቢ ኦር ከቦስተን ጋር ጥሩ ውል በማስፈረሙ ስሙ ተነስቶ ነበር። ድርድሩ ከረረ። በጥር 1967 ስልሳ አራት ዓመት የሞላው ሾር ከቡድኑ የዕለት ተዕለት አመራር ወጣ፤ ተጫዋቾቹም ወደ በረዶው ተመለሱ። ወሬው በየክለቡ ተዳረሰ። በሰኔ 1967 የኤንኤችኤል ተጫዋቾች ማኅበር በኢግልሰን መሪነት ተመሠረተ። ይኸው ኢግልሰን ከዓመታት በኋላ፣ በ1998፣ በማጭበርበር ወንጀል ጥፋተኛ መሆኑን አምኗል፤ ይህም ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

በዚያው ዓመት ሊጉ ወደ አሥራ ሁለት ክለብ ሲሰፋ ሾር ተጫዋቾቹን ለአዲሱ የሎስ አንጀለስ ክለብ ሸጠ። በጥቅምት 1967 የሎስ አንጀለስን በታሪኩ የመጀመሪያውን ግብ ያስቆጠረው ማን መሰላችሁ? ያው የታገደው ኪልሬይ ነው። የስፕሪንግፊልድ ቡድን ለጥቂት ዓመታት ስፕሪንግፊልድ ኪንግስ ተብሎ ቆየና፣ ሾር እንደገና ሲረከበው በ1975 ኢንዲያንስ በሚለው በቀድሞ ስሙ የካልደርን ዋንጫ አነሳ። በ1976 ሾር ቡድኑን ሸጠ። መጋቢት 16 ቀን 1985 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ እዚያው ስፕሪንግፊልድ ውስጥ አረፈ። ቡድኑ ራሱ በ1994 ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ዉስተር ተዛወረ።

እንዴት እንጻፈው?

መጀመሪያ ላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ይኸው ነው። ስለ ሾር ስታነቡ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አንደኛው ጆሮውን በመስታወት እያየ ያሰፋው ጀግና ነው። ሁለተኛው ተጫዋች በገመድ የሚያስር አረመኔ ነው። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆኑ አንድ ጠባይ ናቸው እላለሁ። ሾር ሥቃይን የሥራው ዋጋ አድርጎ ተቀብሎታል። በማዕበል መኪና እየነዳ የሄደ ሰው ተጫዋቹ ወንበር መቀባትን ለምን እንደሚጠላ ሊገባው አልቻለም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። እሱ የቻለው ሥቃይ ራሱ የመረጠው ነው፤ ተጫዋቾቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ከ1959 ጀምሮ በዚያው ሊግ ለምርጥ ተከላካይ በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት ኤዲ ሾር ይባላል። ስሙ ይነሳ አልልም፣ ተከላካይነቱ ይገባዋል። ነገር ግን ስለ ሽልማቱ የሚጽፍ ሰው አድማውን ከዘለለው ግማሽ ሰው ነው የጻፈው። አድማውን ብቻ የሚጽፍም እንዲሁ። የአለቃን ታሪክ ስንጽፍ በሥሩ የሠሩትን ሰዎች ስምም በዚያው አንቀጽ እናስገባ ባይ ነኝ። ዋይት፣ ሮልፍ፣ አማዲዮና ኪልሬይ ባይኖሩ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙም አልጓጓም ነበር።

ሐሳቤን የማትስማሙበት ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንከራከር። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።