ጀልባን ሽቅብ ያስጋለቡት በግ አርቢ፦ ሰር ዊሊያም ሃሚልተን

በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት፣ በካንተርበሪ ምድር፣ ወንዞች በረዶ ከለበሱ ተራሮች እየተምዘገዘጉ ይወርዳሉ። ሜዳ ሲደርሱ ግን እንደ ሹሩባ ይከፋፈላሉ፤ ውሃቸው ይሳሳል፤ ሥራቸውን ጠጠርና ኮረት ይሞላዋል። በእንዲህ ያለ ወንዝ ላይ የሞተር ጀልባ መንዳት ዘበት ነበር። ጀልባን የሚገፋው ተሽከርካሪ ምላጭ፣ በተለምዶ ፕሮፔለር የሚባለው፣ ከጀልባዋ ሆድ በታች ተንጠልጥሎ ስለሚሠራ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፤ ይሰበራልም። ይህን እንቆቅልሽ የፈቱት የመርከብ መሐንዲስ አልነበሩም፤ በግ አርቢ እንጂ።

ቻርለስ ዊሊያም ፊልደን ሃሚልተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ፌርሊ በተባለች የገጠር ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። በ1921፣ ገና በወጣትነታቸው፣ አይሪሽማን ክሪክ የተባለውን ሰፊ የበግ ርቢ መሬት ገዙ። አካባቢው ከከተማ የራቀ በመሆኑ የተሰበረን መሣሪያ የሚጠግን፣ የጎደለንም የሚያቀርብ በቅርብ አይገኝም ነበር። ችግር ብልሃትን ይወልዳልና ሃሚልተን በእርሻቸው ላይ የብረታ ብረት መሥሪያ አቋቋሙ። ጅረት ገድበው የኤሌክትሪክ ኃይል አመነጩ። አፈር መዛቂያ፣ ድርቆሽ ማንሻና ውሃ መርጫ መሣሪያዎችንም ሠሩ። ሥራቸው እየሰፋ ሄዶ በክራይስትቸርች ከተማ ፋብሪካ እስከ መትከል ደረሰ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። በአሜሪካ ተሠርቶ የነበረ፣ ውሃን በፓምፕ ስቦ ከጀልባዋ ሥር በአፈሙዝ የሚተፋ መሣሪያ መርምረው የራሳቸውን ሠሩ። ሥራው መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ከሚያውቀው የውሃ ፓምፕ ብዙም አይርቅም። ፓምፑ በኃይል ሲገፋ የጎማው ቱቦ የያዘውን ሰው እጅ ወደ ኋላ እንደሚገፈትር ሁሉ፣ ወደ ኋላ የሚወረወረው ውሃም ጀልባዋን ወደ ፊት ያስፈነጥራታል።

የመጀመሪያዋ ጀልባ ግን አላረካቸውም። ፍጥነቷ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። አፈሙዙ ከሆዷ በታች ወጥቶ ስለተንጠለጠለ ወራጁን ውሃ እየቧጠጠ ጉዞዋን ይጎትተው ነበር፤ ለድንጋይም የተጋለጠ ነበር። በዚህ ጊዜ ከሠራተኞቻቸው አንዱ አፈሙዙ ከጀልባዋ ሥር ተነሥቶ በስተኋላዋ፣ ከውሃው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። ሃሚልተን ሐሳቡን ተቀብለው ሞከሩት። በዚያው ሞተር ፍጥነቷ በሰዓት ወደ 27 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። የሚወረወረው ውሃ ጀልባዋን የሚገፋው በራሱ የመወርወር ኃይል በመሆኑ በአየር ላይ መውጣቱ ግፊቱን አልቀነሰውም፤ ከሥር ሆኖ ይጎትት የነበረው ነገር ግን ተወገደ። ከሆዷ በታች የተንጠለጠለ ነገር ያልቀረላት ጀልባ በፍጥነት ላይ ሳለች ከስንዝር ባልበለጠ ውሃ ላይ ማለፍ ቻለች።

በቀጣዮቹ ዓመታት የፓምፑ አሠራር ተሻሽሎ ኃይሉ ጨመረ። ሃሚልተን ጀልባቸው የአሜሪካውን የኮሎራዶ ወንዝ ሽቅብ እንደምትወጣ ሲናገሩ የተሳለቁባቸው ነበሩ። በ1960 ግን ልጃቸው ጆን የተሳተፈበት ቡድን በእነዚሁ ጀልባዎች ግራንድ ካንየን የተባለውን ጥልቅ ሸለቆ ከታች ወደ ላይ አቋረጠ። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ ጀልባ አልነበረም።

ሃሚልተን የሰር ማዕረግ የተሰጣቸው በ1974 ነው። ይሁንና ውሃን ወርውሮ የመጓዝን ሐሳብ እኔ ፈጠርሁት ብለው አልተመጻደቁም፤ ምንጩን ወደ ጥንታዊው የግሪክ ሊቅ አርኪሜዲስ ይመልሱት ነበር። በ1978 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በእርሻ ላይ የተጀመረው ሥራቸው ግን ዛሬም በክራይስትቸርች ቀጥሏል፤ ለመንገደኞች ማመላለሻና ለነፍስ አድን ጀልባዎች የሚሆኑ የውሃ መወርወሪያ ሞተሮች ከዚያ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ይላካሉ። ውሃውም እስከ ዛሬ የሚወጣው ያ ሠራተኛ ባመለከተው ስፍራ፣ ከጀልባዋ በስተኋላ ነው።