የመካው ሙፍቲ ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ

ሰው በመልኩና በዘሩ፣ በአካሉና በሀብቱ ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ፣ ለዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ (አላህ ይዘንላቸው) ዋጋ የሚሰጥ ባልተገኘም ነበር።

የተወለዱት በየመን ጀነድ በምትባል ስፍራ፣ በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን ዘመን ሲሆን፣ ያደጉት በመካ ነው። አባታቸው የኑባ ሰው ነበሩ፤ ቅርጫት እየሠሩም ይተዳደሩ ነበር። እርሳቸውም ከቁረይሽ ቤተ ሰቦች የአንዱ መውላ ነበሩ። መልካቸው ጥቁር፣ አፍንጫቸው ደፍጣጣ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ እጃቸው የሰለለ፣ እግራቸውም የሚያነክስ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። በኋላም ሁለተኛው ዓይናቸው ጠፋ። ጥቁርነትን ከጉድለት ጋር አብሮ መቁጠሩ ግን የሰዎች ስሕተት እንጂ የአላህ ፍርድ አይደለም።

ዐጣእ ለሃያ ዓመት ያህል መኝታቸው የመስጂደል ሐራም ወለል ነበረ። ከእናታችን ከዓኢሻ፣ ከአቡ ሁረይራና ከዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ ዕውቀትን ቀሰሙ። ኢብኑ ዐባስም የመካ ሰዎች ለጥያቄ ሲሰበሰቡባቸው፣ ዐጣእ በመካከላቸው ሳሉ ወደ እርሳቸው መምጣታቸው ያስደንቃቸው ነበር ይባላል። የበኒ ኡመያ መሪዎችም በሐጅ ወራት ከዐጣእ በቀር ማንም ፈትዋ እንዳይሰጥ በአዋጅ ያስነግሩ ነበር።

ከ96 እስከ 99 ዓመተ ሒጅራ የገዛው ኸሊፋ ሱለይማን ሁለት ልጆቹን አስከትሎ ስለ ሐጅ ሥርዓት ሊጠይቃቸው ቢመጣ፣ ሶላታቸውን እስኪጨርሱ ተቀምጦ ጠበቀ። ሲወጣም በዚህ ሰው ፊት ያገኘውን ዝቅታ እንደማይረሳ ገልጾ፣ ልጆቹ ዕውቀትን ከመፈለግ እንዳይሰንፉ አዘዛቸው።

ዐጣእ በ114 ዓመተ ሒጅራ፣ በሌላም ዘገባ በ115፣ በመካ አረፉ።

የኩፋው የጨርቅ ነጋዴ ኢማም አቡ ሐኒፋ ስለ እርሳቸው ያወሩት ደግሞ ለእኛ ለነጋዴዎች ይበልጥ ይቀርባል። ኢማሙ በሐጅ ጊዜ ጠጉራቸውን ሊላጩ ወደ አንድ ጠጉር ቆራጭ ሄደው፣ እንደ ገበያ ልማድ አስቀድመው ዋጋ ጠየቁ። ሰውየው ግን በዒባዳ ላይ የዋጋ ክርክር እንደሌለ ነገራቸው። ከቂብላ ዞረው ቢቀመጡ ወደ ቂብላ መለሳቸው፤ ግራ ራሳቸውን ቢሰጡ ቀኙን አስቀደመ፤ ዝም ቢሉ ተክቢር እንዲያደርጉ፣ ሊሄዱ ሲነሡም ሁለት ረከዓ እንዲሰግዱ አሳሰባቸው። ያ ታላቅ ሊቅ ይህን ሁሉ ከማን እንደ ተማረ ቢጠይቁት፣ ዐጣእ ሲያደርጉ አይቶ መሆኑን ነገራቸው።