ኢማም ዘይለዒይ፦ የተቃራኒን ማስረጃ ያልደበቁ ዓሊም

እጃችን የሚገቡ በራሪ ወረቀቶችና ትናንሽ መጽሐፎች የዑለማእን ስም ሳይጠሩ አያልፉም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግማሹ መሆኑ ነው። ዓሊሙ ሊመልሱለት ብለው ያሰፈሩት የሌላ ሰው ሐሳብ የራሳቸው አቋም ሆኖ ይቀርባል፤ ወይም ነገር ግን ብለው የቀጠሉት ይቆረጣል። እኛ ሁለቱን ወገን እኩል ጽፈው ያለፉ፣ ያውም የኛው አካባቢ ሰው የሆኑ ዓሊም አሉን።

ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብን ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒይ ይባላሉ። መጠሪያቸው ከዘይላ ወደብ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ግብፆች ዘይላ ሲሉ ወደቡን ብቻ ሳይሆን ኢፋትንና ባሌን ጨምሮ የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶችን ሁሉ ማለታቸው ነበር። ዒልም የቀሰሙት ካይሮ ነው። ከመምህሮቻቸው አንዱ በ743 ሂጅሪ የሞቱት ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒይ ነበሩ። ሁለቱንም አንድ ሰው አድርገው የሚጠቅሱ ስላሉ ልብ በሉ፤ መምህሩ የፊቅህ፣ ተማሪው የሐዲስ ሰው ናቸው።

ሥራቸው ነስቡ ራያ ይባላል። የሐነፊዮች ዋና ኪታብ በሆነው በአል-ሂዳያ ውስጥ ያሉ ሐዲሶችን አንድ በአንድ ይዘው ማን እንደዘገባቸው፣ ሰነዳቸው የት ላይ እንደሚደክም ፈተሹ። ራሳቸው ሐነፊይ ናቸው፤ ግን የመዝሀባቸው ኪታብ የጠቀሰውን ሐዲስ ምንጭ ሲያጡለት ገሪብ ብለው በግልጽ ጻፉበት። ከዚያ አልፈው የሌሎቹን መዝሀቦች ሐዲሶች በራሳቸው ርዕስ ሥር አሰባስበው አስቀመጡ።

ሶላት ውስጥ ቢስሚላህን ጮክ ብሎ መቅራትን እንውሰድ። ዴራም ሆነ አሰላ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ላደግን ልጆች ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ኢማሙ አቋማቸው ዝቅ ይበል የሚለው ነው። ሆኖም የዳረቁጥኒይንና የኸጢብን የጮክታ ማስረጃዎች ሳይሸሽጉ በረጅሙ ዘርዝረው፣ አንድ በአንድ መርምረው ነው ወደዚያ የደረሱት። ድምዳሜውን ብቻ ቆርጦ የሚያመጣ ሰው ድካማቸውን ጥሎ ስማቸውን ነው የሚወስደው። የዘረዘሩትን ብቻ ወስዶ ዘይለዒይም ይህን ብለዋል የሚለን ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ያላሉትን አስብሏቸዋልና።

የዘመኽሸሪይ ተፍሲር የሆነውን የአል-ከሻፍን ሐዲሶችም እንዲሁ ፈትሸዋል። ዘመኽሸሪይ በዐቂዳ ሙዕተዚላ ነበሩ፤ ይህ ኢማሙን ከሥራው አላገዳቸውም። ባልደረባቸው ዘይኑዲን አል-ዒራቂይ ደግሞ ሻፊዒይ ናቸው። ሁለቱ የሐዲስ ኪታቦችን አብረው ይመለከቱ ነበር፤ ዒራቂይ ለኢሕያእና ለቲርሚዚይ፣ ዘይለዒይ ለሂዳያና ለከሻፍ፣ አንዱ ያገኘውን ለሌላው እያቀበለ። የተለያየ መዝሀብ ያላቸው ሰዎች በአንድ ቁጭታ እንዲህ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ዶርም ሆነን የሚያቅተን ነገር!

ኢማሙ በ762 ሂጅሪ ሙሐረም ወር፣ እ.ኤ.አ. በ1360 መጨረሻ ግድም፣ ካይሮ ላይ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። የዒራቂይ ተማሪ ኢብን ሐጀር ሁለቱንም ሥራዎች አሳጠሯቸው። ቆይተው ኢብን ቁጥሉቡጋ፣ እሳቸውም ሐነፊይ፣ ዘይለዒይ ያመለጧቸውን ሐዲሶች የሚያሟላ ትንሽ ኪታብ ጻፉ።

ነስቡ ራያ በ1357 ሂጅሪ (እ.ኤ.አ. 1938) ካይሮ ውስጥ በ4 ቅጽ ታትሟል። የቢስሚላህ ጉዳይ በመጀመሪያው ቅጽ፣ በሶላት ምዕራፍ ውስጥ ነው። ዐረብኛ የቀራችሁ ደረሶች ከዚያ ብትጀምሩ፣ ከነፊቱና ከነኋላው።