ሬኔ ቮትዬ፦ ያለ ፈቃድ የቀረፀ ምስክር

በፈረንሣይም ሆነ በአልጄሪያ የሲኒማ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሚነሣ ባለሙያዎች አንዱ ሬኔ ቮትዬ ነው። ሥራውን የታገደው በትውልድ አገሩ መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ሊያግዛቸው የተሰለፈላቸው ታጋዮችም አስረውታል። ይሁን እንጂ ከሁለቱም በኩል የደረሰበት በደል ካሜራውን አላስጣለውም።

ቮትዬ እ.ኤ.አ. በ1928 በብረታኝ ክፍለ ሀገር፣ በባሕር ጠረፍ በምትገኘው በካማሬ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ አገሩን ከያዘው የናዚ ጦር ጋር ከሚፋለሙት የውስጥ አርበኞች ጋር ተሰለፈ፤ በ16 ዓመቱም የጦር ሜዳ ኒሻን ተሸለመ። ከድሉ በኋላ ግን ዳግመኛ ጠመንጃ ላለማንሣት ቆርጦ ፓሪስ ከሚገኘው ከፍተኛ የሲኒማ ትምህርት ቤት ገባና በ1948 ተመረቀ።

በ1949 የፈረንሣይ የትምህርት ሊግ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ላከው። ተልእኮው የአፍሪካን የገጠር ኑሮ ለፈረንሣይ ተማሪዎች የሚያሳይ ፊልም መሥራት ነበር። እርሱ ግን በዚያ ያገኘው ለትምህርት ቤት የታሰበውን የተረጋጋ ሥዕል አልነበረም። ጉልበቱ ከማሽን የረከሰበትን ሠራተኛ፣ ግብር አልከፈለም ተብሎ በወታደር የተደመሰሰውን መንደር ቀረፀ። በ1934 የወጣው ድንጋጌ በቅኝ ግዛቶች ያለ ገዢው ፈቃድ ፊልም ማንሣትን ይከለክል ስለነበር ፖሊስ ጥቅሎቹን ያዘ። ከ50 ጥቅሎች ሊያተርፍ የቻለው 17ቱን ብቻ ነው። «አፍሪካ 50» የተቀናበረው ከእነዚህ ነው፤ ትረካውንም በገዛ ድምፁ ሞላው። ፊልሙ ታገደ፤ እርሱም የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት።

የአልጄሪያ የነፃነት ጦርነት በ1954 ሲጀመር ቮትዬ ፊቱን ወደዚያ መለሰ። ወደ ኦሬስ ተራሮች ዘልቆ የነፃነቱን ጦር ሕይወት ቀረፀ፤ በምሥራቅ ጀርመን የተቀናበረው «አልጄሪያ በነበልባል» በ1958 ወጣ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የጠበቀው ግን ምስጋና አልነበረም። በነፃነት ግንባሩ ውስጥ በተነሣ ሽኩቻ ሰበብ ቱኒዚያ ውስጥ 25 ወር ያህል ታሰረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቂም ይዞ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። ቮትዬ ግን አልጄሪያ በ1962 ነፃ ስትወጣ አልጀርስ ውስጥ የድምፅና የምስል ማእከል አቋቁሞ ወጣት አልጄሪያውያንን የካሜራና የቅንብር ሙያ አስተማረ። ከእርሱ ጋር ከሠሩት መካከል ኋላ ስመ ጥር ዳይሬክተር የሆነው አሕመድ ራሽዲ ይገኛል። በ1963 የወጣው «ሕዝብ በጉዞ ላይ» የዚያ የጋራ ጥረት ፍሬ ነው።

ወደ ፈረንሣይ ከተመለሰ በኋላ፣ ወደ አልጄሪያ ከዘመቱ ወታደሮች የሰበሰበውን ምስክርነት መሠረት አድርጎ «ሃያ ዓመት በኦሬስ» የተባለውን ልብ ወለድ ፊልም ሠራ። ጦርነትን የሚጠሉ የብረታኝ ወጣቶች እንዴት ወደ ገዳይነት እንደሚለወጡ የሚያሳየው ይህ ሥራ በ1972 በካን ፌስቲቫል የዓለም አቀፍ ሐያስያንን ሽልማት አገኘ። በማግሥቱ ዓመት ለ31 ቀን ከምግብ ተከለከለ። የራብ አድማው ለራሱ ፊልም አልነበረም፤ በጥቅምት 1961 በፓሪስ አደባባዮች የተገደሉትን አልጄሪያውያን የሚዘክረው የዣክ ፓኒዤል ፊልም ስለታገደ ነው። በመጨረሻም ለፊልሙ የመታያ ፈቃድ ተሰጠው።

«አፍሪካ 50» ከ40 ዓመት በላይ እንደታገደ ቆየ። በ1996 የፈረንሣይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፊልሙን ቅጂ ለቮትዬ አስረከበ። የያኔው ወጣት በዚያን ጊዜ የ68 ዓመት አዛውንት ነበር። ቮትዬ በጥር 2015፣ በ86 ዓመቱ፣ በተወለደባት በብረታኝ አረፈ።

ከሕይወቱ ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ፖሊስ የወሰዳቸው ጥቅሎች ብዙ ሲሆኑ ያተረፋቸው ጥቂት ነበሩ፤ ዛሬ የሚታየውና የሚመሰክረው ግን ያ የተረፈው ነው። ስለዚህ ፊልምን መጠበቅ ከመቅረፅ የማያንስ ግዴታ ነው።